ፍል ውኃን ለሚጎበኝ ተማሪ፤ ከአዳማ እስከ ሻላ

የተማሪ ሽርሽር እንደሚታወቀው ከሦስት ነገር አያልፍም፤ መኪና ላይ መዝፈን፣ ፎቶግራፍ መነሣት፣ ሲመለሱም ገንዘብ ማለቁን ማወቅ ነው። በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት እኛ 6 የአንድ መኝታ ክፍል ተማሪዎች ወደ ስምጥ ሸለቆ ስንነሣ ከዚህ የተለየ አሳብ አልነበረንም። ሶደሬ ታጥበን፣ ላንጋኖ አድረን፣ በሻላ ፍል ውኃ በቆሎ ቀቅለን ልንመለስ ነበር። ይህንንም ሁሉ አደረግነው።

ነገር ግን በሻላ ሐይቅ ዳር ውኃ ሊቀዱ ከሚሄዱ ሴቶች መካከል አንዲት እናት ቆም ብለው ሲያዩን ቆዩና፣ ተማሪዎች መሆናችንን ባወቁ ጊዜ አንድ ጥያቄ ጠየቁን። «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ። ሰው ከሩቅ አገር እየመጣ በዚህ ውኃ ይፈወሳል ይባላል። ታዲያ የዚህ አገር ውኃ ለገላ መድኃኒት ከሆነ የልጆቻችንን ጥርስ ስለምን ያበላሸዋል?» አሉን። አጠገባቸው የቆመችው ልጃቸው አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ከ6ታችን አንዱ የኬሚስትሪ፣ አንዱ የሕክምና፣ ሁለቱ የምሕንድስና ተማሪዎች ነን። አንዳችንም መልስ አልነበረንም። «እናጣራለን እማማ» ብለን ተለያየን። ይህ ጽሑፍ ያን ቃል ለመጠበቅ ከተመለስን በኋላ ካነበብነውና መምህራንን ጠይቀን ከተረዳነው የተሰበሰበ ነው። አንባቢ ወደዚያ አገር በሚሄድበት ጊዜ እንደ እኛ ባዶ እጁን እንዳይቆም በማሰብ አቅርቤዋለሁ። ዓመቶቹ ካልተገለጸ በቀር በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ/ ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

በየትም አገር ቢሆን ምድር ወደ ውስጥ በተቈፈረ መጠን ሙቀቷ ይጨምራል። በአብዛኛው ቦታ ጭማሪው በአንድ ኪሎ ሜትር ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። በስምጥ ሸለቆ ግን ነገሩ ከዚህ ይበልጣል። ምክንያቱም ሸለቆው የምድር ቅርፊት የሚለጠጥበትና የሚሳሳበት ስፍራ ስለ ሆነ ነው። ከሸለቆው በስተ ምሥራቅ ያለው የሶማሊያ ገበታ በስተ ምዕራብ ካለው የኑብያ ገበታ በየዓመቱ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይርቃል። ይህ የጣት ጥፍር በአንድ ዓመት ከሚያድገው እጅግ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም በመቶ ዓመት ግማሽ ሜትር፣ በሚሊዮን ዓመት 5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቅርፊቱ በሳሳበት በኩል የቀለጠው ድንጋይ ወደ ላይ ይቀርባል፤ በላዩ ያለውንም ዐለት ያግላል።

እሳት ብቻውን ግን ፍል ውኃ አይሆንም። በአርሲና በጉራጌ ደጋ የሚዘንመው ዝናብ በመሬት ስንጥቅ እየሰረገ ወደ ሸለቆው ሥር ይወርዳል፤ በጋለው ዐለት መካከል ሲዘዋወር ይሞቃል፤ ሲሞቅም ስለሚቀል በሌላ ስንጥቅ ወደ ላይ ይመለሳል። እንግዲህ ሦስት ነገሮች መገናኘት አለባቸው፤ እሳት፣ ውኃና ስንጥቅ። አራተኛ ደግሞ እንፋሎቱ ሁሉ በከንቱ እንዳይበተን ከላይ የሚከድን፣ ወደ ሸክላ ጭቃነት የተለወጠ ዐለት ያስፈልጋል።

ይህን ለመረዳት ከእናቶቻችን ማጀት የተሻለ ቤተ ሙከራ የለም። እንጀራ ሲጋገር ከታች እሳቱ፣ በላዩ ምጣዱ፣ በምጣዱ ላይ ርጥብ ሊጡ፣ ከሁሉ በላይ አክንባሎው አለ። አክንባሎው ሲከደን እንፋሎቱ ታፍኖ ይቈያል፤ በከንፈሩ ቀዳዳ በኩል ግን ጥቂት ጥቂት ያመልጣል። በየኮረብታው ሥር ጭስ መስሎ የምናየው እንፋሎት በአክንባሎው ከንፈር ያመለጠው ነው። ዋናው ሙቀት ከሥር እንደ ታፈነ ነው።

ይህ እሳት የጠፋና የተረሳ አይደለም። ከመተሐራ አጠገብ ያለው የፈንታሌ ተራራ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ አውጥቷል። ከመስከረም 2017 ጀምሮም በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል የቀለጠ ድንጋይ በመሬት ውስጥ ስንጥቅ ተከትሎ በመሄዱ ለወራት የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። ንዝረቱ አዳማም አዲስ አበባም ድረስ ተሰምቷል። በታኅሣሥ መጨረሻ በዶፈን አካባቢ እንፋሎትና ጭቃ በኃይል ከመሬት ወጣ፤ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችም ቀያቸውን ለቀው ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወሩ። እኛ ለመታጠብ የምንሄድበት ሙቀትና እነዚያን ሰዎች ከቤታቸው ያስወጣቸው ሙቀት ምንጩ አንድ ነው።

2ኛ/ የጉብኝቱ መንገድ

በፍል ውኃ መታጠብ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ራስዋ በ1879 እቴጌ ጣይቱ የፍል ውኃውን አካባቢ ወደው ቤት ካሠሩ በኋላ የተቈረቈረች ከተማ ናት። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድም ማዕድን ያለበት ውኃ ሆራ ይባላል፤ ከብት ወደ ሆራ ወርዶ ጨዋማውን ውኃ መጠጣቱ ጤና እንደሚሰጠው የታወቀ ነው። ስለዚህ ጎብኚው ወደነዚህ ውኆች ሲሄድ ባለቤትና ታሪክ ወዳለው ስፍራ እንደሚገባ ማወቅ ይገባዋል።

መነሻችን አዳማ፣ ቀድሞ ናዝሬት የምትባለው ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በከተማዋ ዳር በቦኩ ኮረብታ በኩል ከመሬት የሚወጣ እንፋሎት አለ፤ ወገቡንና ጉልበቱን የሚያመው ሰው በዚያ ይታጠናል። በወንጂ በኩል ደግሞ የገርገዲ ፍል ውኃ ይገኛል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን ሶደሬን ነው። ከአዳማ በመልካሳ በኩል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተሂዶ በአዋሽ ወንዝ ዳር ይገኛል። በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ፍል ውኃው ይመነጫል፤ ጦጣዎቹ የተማሪን ዳቦ ከእጅ ለመንጠቅ አያፍሩም። ወንዙ ውስጥ አዞ ስለሚኖር ዋና የሚፈቀደው በገንዳው ብቻ ነው።

ከሶደሬ ወደ አዳማ ተመልሰን በሞጆና በቆቃ በኩል ወደ ደቡብ ሄድን። የቆቃ ግድብ በ1952 የተመረቀ ሲሆን ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራ ነው። ከዚያ ዓለም ጤና፣ መቂ፣ ቀጥሎም ቀድሞ ዝዋይ ትባል የነበረችው ባቱ ትመጣለች። ከባቱ አልፎ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል የሚታየው ሰፊ ተራራ አሉቶ ነው። አሉቶ እሳተ ገሞራ ነው፤ በጎኑ ላይ ጥቁር ባልጩት እንደ ተሰበረ ጠርሙስ ያብረቀርቃል፤ በየስንጥቁም እንፋሎት ይወጣል። የአሉቶ መሬት ራሱ ጸጥ ያለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2008 መሬቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ማለቱን፣ ቀስ በቀስም መልሶ ዝቅ ማለቱን ሳተላይቶች ለክተዋል።

ከአሉቶ በታች ላንጋኖ ነው፤ ውኃው እንደ ሻይ በወተት ያለ ቡናማ መልክ አለው። ከዚያ አብያታና ሻላ በአንድ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ጎን ለጎን ይገኛሉ። አብያታ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው፤ ውኃው ወደ እርሱ በሚገባው ወንዝ ላይ በሚደረገው ጠለፋና በሶዳ አመድ ማምረቻው ምክንያት እጅግ ሸሽቷል። ሻላ ግን ተራራ ወደ ውስጥ ሰምጦ የተፈጠረ ጉድጓድ ነው፤ ጥልቀቱም 260 ሜትር ያህል ሲሆን ከኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሚበልጠው የለም። በሻላ ዳር ውኃው እየተንተከተከ ከመሬት ይወጣል፤ የአገሩ ልጆችም በቆሎ በገመድ አስረው ይቀቅሉበታል።

በዚህ ስፍራ አንድ ትንሽ ትምህርት አገኘን። የፊዚክስ ተማሪው ጓደኛችን የሙቀት መለኪያ ይዞ ነበርና በሚፈላው ውኃ ውስጥ ሲያገባው ከ100 በታች ቆመ። መለኪያው ተበላሽቷል ብለን ሳቅንበት። የተሳሳትነው ግን እኛ ነበርን። ቦታ በ300 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ቍጥር የውኃ መፍያ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ሻላ ከባሕር ወለል በላይ ከ1500 ሜትር በላይ ስለሚገኝ ውኃ በዚያ የሚፈላው በ95 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በአዲስ አበባ ደግሞ በ92 ገደማ። በመጽሐፍ 100 ብለን የሸመደድነው በባሕር ዳርቻ ላለ ሰው የተጻፈ ነው።

3ኛ/ እንፋሎቱ ወደ መብራት

በአሉቶ ተራራ ላይ የሚሄደው ጎብኚ በሣሩ መካከል የተዘረጉ ወፋፍራም ቧንቧዎችን ያያል። እነዚህ በአገራችን የመጀመሪያው የከርሰ ምድር እንፋሎት ኤሌክትሪክ ማመንጫ አካሎች ናቸው። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በኢትዮጵያ የእንፋሎት ጥናት በ1961 በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እርዳታ ተጀመረ። በ1970ዎቹ አጋማሽ በአሉቶ 8 ጉድጓዶች ተቈፈሩ፤ ከመካከላቸው ጥልቁ ወደ 2500 ሜትር የሚደርስ ነው። በተራራው ላይ በተቈፈሩት ውስጥ ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተገኘ። በ1990ዎቹ መጀመሪያም ከ7 ሜጋዋት ጥቂት የሚበልጥ የሙከራ ማመንጫ ተተከለ።

አንባቢ «ውኃ በ95 ዲግሪ ከፈላ በ300 ዲግሪ እንዴት ውኃ ሆኖ ይቈያል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ ግፊት ነው። በ300 ዲግሪ ያለ ውኃ እንዳይፈላ ለማፈን ከአየር ግፊት 85 እጥፍ ገደማ ያስፈልጋል፤ በጥልቁ ጉድጓድ ደግሞ በላዩ ያለው ውኃ ክብደት ከዚህ የበለጠ ይጫነዋል። ጉድጓዱ ሲከፈት ውኃው ወደ ላይ በወጣ መጠን ግፊቱ ይቀንሳል፤ ከፊሉም በድንገት ወደ እንፋሎትነት ይለወጣል። ያ እንፋሎት ተርባይኑን ያዞራል። የቀረው ሙቅ ውኃ ደግሞ ፔንቴን የሚባለውን ከውኃ ቀድሞ የሚፈላ ፈሳሽ ያሞቃል፤ የፔንቴኑም እንፋሎት ሌላ ተርባይን ያዞራል። የአሉቶ ማመንጫ ሁለቱንም መንገድ እንዲጠቀም ሆኖ የተሠራ ነበር።

ዳሩ ግን ማመንጫው እንደታሰበው አልሠራም። በተተከለ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመሣሪያ ብልሽት ቆመ፤ በ1999 ገደማ በከፊል ተጠግኖ ዳግመኛ ተነሣ፤ ከዚያም ወዲህ ሥራው ያልተቋረጠ አልነበረም። በኋላ ተጨማሪ ጉድጓዶች ተቈፍረዋል። በኢተያ አቅራቢያ በቱሉ ሞዬም የግል ኩባንያ ቍፋሮ አካሂዷል። አገሪቱ እስከ 10,000 ሜጋዋት የሚደርስ የእንፋሎት ኃይል ሊኖራት እንደሚችል ይገመታል፤ እስከ ዛሬ ያመነጨችው ግን ከዚህ ግምት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው።

ይህን የምለው ለማጣጣል አይደለም። ነገሩ ከየትም ቢጀመር በጥቂቱ ይጀመራል። በኢጣልያ ላርዴሬሎ በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ1904 ፒየሮ ጂኖሪ ኮንቲ የተባሉ መስፍን በምድር እንፋሎት ያበሩት 5 አምፑል ብቻ ነበር። ጎረቤታችን ኬንያ በኦልካሪያ እ.ኤ.አ. በ1981 የጀመረችው በ15 ሜጋዋት ነው፤ ዛሬ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከ40 በመቶ የማያንሰው ከእንፋሎት ነው። ልብ በሉ፤ የኬንያ ጅምር ከአሉቶ የሚበልጠው እጥፍ ያህል ብቻ ነበር። ልዩነቱ ከጅምሩ በኋላ ጉድጓድ በጉድጓድ ላይ መጨመሩ፣ ባለሙያም በባለሙያ ላይ መተካቱ ነው።

«የአባይ ግድብ ካለን ይህ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ይኖራል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ታላቁ የህዳሴ ግድብ 5150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ በዚህም ሁላችን እንኮራለን። ነገር ግን የውኃ ኃይል ዝናብን ይጠብቃል፤ እንፋሎት ግን በድርቅም በክረምትም፣ በቀንም በሌሊትም አንድ ነው። ሁለቱ ተፎካካሪዎች ሳይሆኑ ተደጋጋፊዎች ናቸው።

ጉብኝትና ማመንጫም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። የኬንያው ኦልካሪያ ማመንጫ የሚገኘው ሄልስ ጌት፣ ማለት የገሃነም በር በሚባለው ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ ነው፤ ጎብኚው ሜዳ አህያና ቀጭኔ እያየ ሄዶ በእንፋሎቱ ውኃ በተሠራ ገንዳ ይታጠባል። በአይስላንድ በዓለም የታወቀው ሰማያዊው ገንዳም የተፈጥሮ ምንጭ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ከስቫርትሴንጊ ማመንጫ ሲፈስ የተጠራቀመ ውኃ ነው። ሰዎች ገብተው ሲታጠቡ ለቆዳቸው ተስማማ፤ ቀስ በቀስም ከመላው ዓለም ጎብኚ የሚጎርፍበት ስፍራ ሆነ።

4ኛ/ የእናቲቱ ጥያቄ

አሁን ወደ ሻላ ዳር እንመለስ። የልጂቱን ጥርስ ቡናማ ያደረገው ፍሎራይድ የሚባል ነገር ነው። ፍሎራይድ በጥቂቱ ሲሆን ጥርስን ያጠነክራል፤ ስለዚህም በጥርስ ሳሙና ውስጥ ይጨመራል። ሲበዛ ግን፣ ይልቁንም ቋሚ ጥርስ ከድድ ሥር በሚሠራበት በልጅነት ዘመን፣ የጥርሱን ገጽ ያጠፋዋል። መጠኑ እጅግ በዝቶ ለብዙ ዓመት ከተጠጣ ደግሞ አጥንትን ያደነድናል፤ ወገብና አንገት እንዳይታዘዝ ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በስምጥ ሸለቆ ያሉ አያሌ ጉድጓዶች ከዚህ ብዙ እጥፍ አላቸው።

ስለምን በዚህ አገር በዛ? ፍሎራይዱ የሚገኘው እንደ አሉቶ ባልጩት ባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ነው። ውኃው ሞቆ በዚህ ድንጋይ መካከል ረጅም ዘመን ሲዘዋወር ፍሎራይዱን ያሟሟዋል። በሌላ አገር ቢሆን በውኃው ውስጥ ያለው ካልሲየም ከፍሎራይዱ ጋር ተያይዞ ወደ ድንጋይነት ይዘቅጥ ነበር። የስምጥ ሸለቆ ውኃ ግን ሶዲየም የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰበት ነው፤ ስለዚህ ፍሎራይዱን የሚይዘው አጥቶ እንደ ሟሟ ይቀራል። ሰዉ የሚጠጣው የሚፈላውን ምንጭ ሳይሆን የጉድጓድ ውኃ ነው፤ ዳሩ ግን ጉድጓዱም ምንጩም በአንድ ዓይነት ድንጋይ መካከል ያለፉ ወንድማማቾች ናቸው።

እንግዲህ የእናቲቱ ጥያቄ መልስ ይህ ነው። ውኃውን ለገላ የሚያስወድደው ሙቀት ያው ራሱ ፍሎራይዱን ከድንጋይ የሚያወጣው ነው። በመታጠብ ቆዳ ላይ የሚቀረው አይጎዳም፤ በየዕለቱ ሲጠጣ ግን በጥርስና በአጥንት ውስጥ ይጠራቀማል። መድኃኒቱና ሕመሙ ከአንድ ማሰሮ ይቀዳሉ።

ይህ ለሊቃውንት አዲስ ነገር አይደለም። በ1946 ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ከጉድጓድ ውኃ የተነሣ በጥርስም በአጥንትም መጎዳታቸው ተጠንቷል፤ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ሌሎችም በስምጥ ሸለቆ ስላለው የፍሎራይድ ጉዳት ለብዙ ዓመታት መርምረው ጽፈዋል። ጽሑፎቹ በቤተ መጻሕፍት አሉ። ከቤተ መጻሕፍቱ እስከ ሻላ ዳር ያለው መንገድ ግን የተሠራ አይመስልም።

አንድ ነገር በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል። ውኃን ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም። ይልቁንም ውኃው በተነነ መጠን የቀረው ፍሎራይድ ይጠነክራል። እኛ ራሳችን በሻላ ዳር «አፍልታችሁ ጠጡ» ብለን ልንመክር ምንም አልቀረን ነበር! ያልተማረ ምክር እንደዚህ ያለ ነው።

የሚረዱ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ፍሎራይድ የሌለበትን ውኃ ከሩቅ ማምጣት ነው፤ የወንዝና የደጋ ምንጭ ውኃ አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ነው። ሁለተኛው የዝናብ ውኃ ከጣራ ማጠራቀም ነው። ሦስተኛው ማጣራት ነው፤ በሕንድ አገር በናልጎንዳ ስም የሚጠራው ዘዴ አሉሚኒየም ሰልፌትና ኖራ ተጨምሮ ፍሎራይዱን ያዘቅጣል፤ ሌላው ደግሞ ከተቃጠለ የከብት አጥንት በተሠራ ከሰል ማሳለፍ ነው። እነዚህ ሁሉ በአገራችን ተሞክረዋል። ችግሩ መሣሪያውን መትከል ሳይሆን ከተተከለ በኋላ መድኃኒቱን የሚለካ፣ ከሰሉን የሚለውጥ ሰው መኖሩ ነው። የአሉቶን ተርባይን ያቆመውና የመንደሩን ማጣሪያ የሚያቆመው በሽታ አንድ ነው፤ የጥገናና የባለሙያ ማነስ።

5ኛ/ ጎብኚ ተማሪ ሊያደርገው የሚገባው

ሀ) በእግሩ ይጠንቀቅ። በፍል ውኃ አጠገብ ያለው መሬት ደረቅ ቢመስልም ከሥሩ ክፍት ሊሆን ይችላል። ከእኛ አንዱ ለፎቶግራፍ ሲል አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሊራመድ ሲል ከብት የሚጠብቅ ትንሽ ልጅ በኦሮምኛ ጮኾ ክንዱን ይዞ ጎተተው። ልጁ በበትሩ ሲነካው መሬቱ ተሰብሮ እንፋሎት ወጣ። በዚያን ጊዜ መምህሩ ማን እንደ ነበር ግልጽ ነው። ስለዚህ የአገሩን ሰው ሳያስቀድሙ አለመራመድ ነው፤ ለመራ ሰውም የድካሙን ዋጋ መስጠት ይገባል።

ለ) በጉድጓዳ ስፍራና በዋሻ ውስጥ እንፋሎት ለመታጠን ብቻውን አይግባ። ከእንፋሎቱ ጋር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊወጣ ይችላል፤ ይህ ጋዝ ከአየር የከበደ ስለ ሆነ በዝቅተኛ ቦታ ይጠራቀማል፤ ሽታም ስለሌለው ሰውን ሳያስጠነቅቅ ያፍናል። የልብ ሕመም ያለበት ሰውም ሐኪም ሳይጠይቅ በሙቅ ገንዳ ውስጥ አይቈይ።

ሐ) ሳሙናና ላስቲክ በምንጩ ውስጥ አይጣል። ከታች ያለው ሰው ልብሱን፣ ከብቱም ጥማቱን በዚያው ውኃ ይወጣል።

መ) ማመንጫ ለማየት የሚፈልግ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቅ፤ ሲገባም ጥያቄ ይዞ ይግባ። ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው «ሙቀቱ ከተወሰደለት በኋላ ውኃው ወዴት ይሄዳል?» የሚለው ነው። ከጥልቅ የወጣው ውኃ ፍሎራይድና ሌላም ጎጂ ነገር ስለሚኖርበት ወደ ሐይቅና ወደ ግጦሽ መለቀቅ አይገባውም፤ በሌላ ጉድጓድ ወደ መጣበት ወደ መሬት ውስጥ መመለስ አለበት። ይህም አካባቢውን ከመጠበቁ በላይ የከርሰ ምድሩ ውኃ እንዳይጎድል ይረዳል።

ሠ) በመጨረሻም «ይህ እንፋሎት ለማን ያበራል?» ብሎ ይጠይቅ። የኤሌክትሪክ መስመር በላዩ የሚያልፍበት መንደር በኩራዝ የሚያመሽ ከሆነ፣ ምሕንድስናው ቢሠራም ሥራው ገና አላለቀም ማለት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ሽርሽር አትሂዱ ማለቴ አይደለም። ሂዱ፤ ዝፈኑ፤ ታጠቡ፤ በቆሎም ቀቅሉ። በክፍል ውስጥ በሰሌዳ የተሣለውን የምድር ቅርፊት በዐይናችሁ የምታዩበት ከዚህ የተሻለ ስፍራ በአገራችን በቀላሉ አይገኝም። ነገር ግን ከመሄዳችሁ በፊት ጥቂት አንብቡ፤ ከተመለሳችሁም በኋላ የተጠየቃችሁትን አትርሱ። የአገሩ ሰው ተማሪ ሲያይ መልስ ያየ ይመስለዋል። ይህ እምነት በብዙ ድካም የተገዛ ነውና እንደ ሽርሽር ገንዘብ በአንድ ቀን ልናጠፋው አይገባም።

እኛ 6ቱ በሚመጣው ዕረፍት ወደ ሻላ ልንመለስ ተስማምተናል። የኬሚስትሪው ጓደኛችን ከመንደሩ ጉድጓድ ውኃ በጠርሙስ ቀድቶ መጥቶ ለምርመራ እንዲፈቀድለት መምህሩን ጠይቋል፤ የሕክምናው ተማሪ ስለ ጥርሱ ለእናቶች የሚነበብ አንድ ገጽ በአማርኛና በኦሮምኛ እያዘጋጀ ነው። እኔም ይህን ጻፍሁ። ለዚያች እናት የምንወስድላቸው መልስ ውኃቸውን ወዲያው አይለውጥም። ቢሆንም «አፍልታችሁ ጠጡ» ከሚለው ይሻላል፤ የትኛውን የጥያቄ በር ማንኳኳት እንዳለባቸውም ያሳያቸዋል።

በመኪናው ውስጥ ሦስት ባዶ መቀመጫ አለ። አብሮን መሄድ የሚወድ፣ ይልቁንም ኦሮምኛ አጣርቶ የሚናገር ተማሪ፣ ወደ መኝታ ክፍላችን ጎራ ይበል።